ያገለገለ ዕቃ ስለ መግዛትና ስለ ይሉኝታ

ሰው ለእርሻው በሬ በሚገዛበት ጊዜ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ጀርባውን ዳብሶ ይመረምራል፤ ቢቻለውም ቀንበር ጭኖ ጥቂት ፈር ያስኬደዋል እንጂ ሻጩ ስለ ማለለት ብቻ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ሻጩም ይህ የገበያ ሥርዓት መሆኑን ስለሚያውቅ አይቀየምም። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ከአባቶቻችን ተቀብለን ሳለ፣ በዛሬው ዘመን ወደየቤታችን የሚገቡትን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ስንገዛ ግን መብራታቸው ከበራ ሌላ ምርመራ የሚያስፈልግ አይመስለንም። መርምሩ ብሎ የሚመክረን ቢገኝም እንኳ በሻጩ ፊት ማፈር ይይዘናል። እኛም በዚህ ስሕተት ወድቀን፣ ገንዘባችንን ከማባከናችን በላይ የጎረቤታችንን ንብረት አበላሽተን የልጃችንንም ተስፋ ልናጠፋ ጥቂት ቀርቶን ስለ ነበረ፣ ሌላው ቤተሰብ ይጠነቀቅበት ዘንድ ነገሩን እንደ ሆነው እንጽፋለን።

እኛ በፍኖተ ሰላም ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምንተዳደር ሰው ነን። በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ፊደል ቆጥረን ዳዊት ደግመናል፤ ኋላም ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ሒሳብና የውጭ አገር ቋንቋ ተምረናል። ስለ ኤሌክትሪክ ግን የምናውቀው መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ መፈለግን ብቻ ነበረ። የበኩር ልጃችን ከዚህ የተለየ ነው። በ2011 ዓ.ም. የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናቱ የበርበሬና የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጋው የነበረውን ጓዳ ለምኖ ተቀበለ፤ ከአሮጌ በርም ጠረጴዛ ሠርቶ፣ የተበላሹ ሬዲዮዎችን፣ የተቃጠሉ የስልክ ቻርጀሮችን፣ የተሰበሩ የእጅ ባትሪዎችን እየሰበሰበ ይፈታና ይገጥም ጀመረ። መበየጃና መልቲሜትር ከራሱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ቆጥቦ ገዛ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ለእናቱ ነገራት፤ እናቱም ለእኛ ነገረችን።

ያም የቀረው መሣሪያ ባለሙያዎች ፓወር ሰፕላይ የሚሉት ነው። በአገራችን ከግድግዳው ሶኬት የሚገኘው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ አቅጣጫውን እየለወጠ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሬዲዮና ይህን የመሰለ ትንሽ ዕቃ ግን የሚሻው 6 ወይም 9 ወይም 12 ቮልት፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ መሣሪያው አስቀድሞ በትራንስፎርመር ኃይሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ በዳዮድ አቅጣጫውን አንድ ያደርገዋል፤ በካፓሲተር ሞገዱን ጸጥ ያሰኘዋል፤ በመጨረሻም በትራንዚስተር እየቈጠበ በተፈለገው ልክ ያወጣዋል። በፊቱ ሁለት ማዞሪያዎች አሉት። አንደኛው የቮልቱን ልክ ይሠራል፤ ሁለተኛው የአምፔሩን ወሰን ይቈርጣል። የዚህ የሁለተኛው ጥቅም እጅግ ትልቅ ነው፤ በሚጠገነው ዕቃ ውስጥ የተሰወረ ብልሽት ቢኖር መሣሪያው ከተቈረጠለት ወሰን በላይ ኃይል ስለማይለቅ፣ ብልሽቱ ዕቃውን በሙሉ አያቃጥለውም።

በመጀመሪያ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን ያስፈልጋል፤ የሞተር ብስክሌት ባትሪ አይበቃምን ብለን ነበረ። ልጁም ዝም ብሎ የተጠበሰ ጣቱን አሳየን። ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ይስጥ እንጂ ወሰን የሚያውቅ ዕቃ አይደለም፤ ቀይና ጥቁሩ ሽቦ በስሕተት ቢነካኩ ሽቦው እስኪግል ድረስ ያለውን ሁሉ ይለቃል። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የሚወጣውም ፓወር ሰፕላይ እንደዚሁ 12 እና 5 እና 3.3 ቮልት ብቻ እንጂ በመካከል ያለውን አይሰጥም፤ የሚለቀውም አምፔር ለጀማሪ እጅ እጅግ የበዛ ነው። ለቤት ሥራ የሚበቃው እስከ 30 ቮልትና እስከ 2 ወይም 3 አምፔር የሚሰጥ፣ ወሰኑም በእጅ የሚቈረጥ መሣሪያ ነው። ይህን በሰማን ጊዜ እሺ አልን፤ ባለቤታችንም የዕቁብ ዕጣዋ ደርሷት ስለ ነበረ ከዚያው ከፍላ ሰጠችን። አዲሱ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ስላገኘነው ያገለገለ መፈለግ ጀመርን።

በጥቅምት ወር በማኅበር የምንተዋወቀው አንድ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለው ነገረን። ከልጃችን ጋር ወደ ቤቱ ሄድን፤ ቡና ተፈላልን፤ ዕቃውም መጣ። ሰውዬው ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰካው፤ ቀይ ቁጥር በራ፤ ማዞሪያውን ጥቂት ቢያዞረው 12 የሚል ተጻፈ። ልጃችን ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የመኪና አምፖል አስረን ጥቂት ብናቆየው ምን ይመስልዎታል?» አለን። እኛም ሻጩ እንዳይሰማው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ዝም በል፤ ቡናውን እየጠጣን የማኅበር ወንድማችንን እንደ ሌባ ልንፈትሸው ነውን?» ብለን ገሠጽነው። ገንዘቡንም ቈጠርን። ልጁ ዕቃውን ታቅፎ በመንገድ ሲሄድ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም፤ እኛ ግን ዝምታውን የደስታ ዝምታ አድርገን ተረጐምነው።

የትምህርቱ ጊዜ ስለ ነበረ መሣሪያው በሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በጥር ወር ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት እማሆይ ድምፁ የጐረነነባቸውን ሬዲዮ ለልጁ ሰጡት። ይህ ሬዲዮ ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ማታ ማታ የሚያነጋግራቸው እርሱ ብቻ ነበረ። አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለት 6 ቮልት የሚበላ ነው። ልጁ ቮልቱን 6 ላይ አቆመ፤ ወሰኑንም ዝቅ አድርጎ ቈረጠ፤ ሬዲዮውም ተናገረ። ከዚያ ቁጥሩን ለማስተካከል ማዞሪያውን በጣቱ ጫፍ ነካ ቢያደርገው ቁጥሩ ከ6 ተነሥቶ 28 ላይ ዘለለ፤ ወዲያውም ጢስ ከሬዲዮው ወጣ። ወሰኑ ሊያድነው ሲገባ አላዳነውም፤ ሁለተኛው ማዞሪያ ለጌጥ የቀረ እንጂ የማይሠራ ኖሯል። የመጀመሪያው ደግሞ ውስጡ ያለው ከሰል ተበልቶ፣ ጥቂት በተነካ ቍጥር ግንኙነቱን እየለቀቀ፣ መሣሪያውን ወደ መጨረሻው ኃይል የሚሰድደው ሆኖ ተገኘ። በሻጩ ቤት አንድ ጊዜ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ብናዞረው ኖሮ ይህን ሁሉ እናየው ነበር።

ልጁ በዚያ ሌሊት እራት አልበላም። በማግሥቱ መበየጃውንና መልቲሜትሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእናቱ ሰጣትና «ሽጪው» አላት። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ልባችን ያውቅ ነበርና በጣም አፈርን። ለእማሆይ ሌላ ሬዲዮ ገዝተን፣ ልጁን አስከትለን ሄደን ነገሩን ገለጽንላቸው። መርቀው ተቀበሉን፤ ነገር ግን «የዚያኛውን ድምፅ ለምጄው ነበር» ያሉት ቃል ከምርቃቱ ይልቅ በጆሯችን ቀረ።

ወደ ሻጩም ሄደን ነበር። «ሲበራ አይተውታል፤ ቁጥሩንም አይተውታል፤ ከሦስት ወር በኋላ እኔን ምን አድርግ ይሉኛል?» አለን። መልስ አላገኘንለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ደግሞም ገዢው ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ይህን ቃል በፍርድ ግልባጭ ላይ ስንት ጊዜ በገዛ እጃችን ጽፈነዋል! ለሌላው ሲሆን የምንጽፈውን ሕግ ለራሳችን ሲሆን በይሉኝታ አልፈነው፣ ዕቃውን ሦስት ወር በሣጥን አስቀምጠን በማን ላይ እንከስሳለን? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው የእኛ ጉዳይ ይኸው ሆነ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቡሬ ከተማ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ እርጅና ስለ ተጫናቸው መሣሪያዎቻቸውን እንደሚሸጡ ሰማን። ልጁ አልሄድም አለ፤ እኛም «ዕቃውን የምትመረምረው አንተ ነህ፤ እኔ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነኝ» ብንለው ተነሣ። በሚኒባስ ተሳፍረን መንኩሳን አልፈን፣ በርበሬ በጆንያ የጫኑ መኪናዎችን እየተከተልን ቡሬ ገባን። ቡሬ የዐባይን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚለይባት ከተማ ስለ ሆነች የጭነት መኪና ነጂ አይታጣባትም፤ የሽማግሌውም ገበያ ከእነርሱ ዘንድ ነበረ። ትምህርታቸውን የተማሩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በባሕር ዳር በተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ነው።

ያቀረቡልን መሣሪያ ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ ከባድ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ቁጥር የሌለው በመርፌ የሚያመለክት፣ እስከ 40 ቮልትና እስከ 1.5 አምፔር የሚሰጥ ነበረ። እኛ በአሮጌነቱ ቅር ቢለን ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ጸሐፊው፣ የዚህ ክብደት ትራንስፎርመሩ ነው። መመሪያውን ስትፈልጉ ግን ስሙ አያሳስታችሁ» አሉና አስረዱን። ኩባንያው የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ነው፤ የመለኪያ መሣሪያው ሥራ በ1999 ተለይቶ አጂለንት ተባለ፤ በ2014 ደግሞ ኪሳይት የሚል ስም ተሰጠው። ስለዚህ በአሮጌው ስም የተሠራውን ዕቃ መመሪያ የሚፈልግ ሰው በአዲሱም ስም መፈለግ አለበት።

እኛ ስለ ምርመራው አፍረን ስንቈይ ሽማግሌው ራሳቸው ከመሳቢያ ሁለት የመኪና አምፖሎች አውጥተው ለልጁ ሰጡት። «አያ፣ እርስዎን መጠራጠራችን አይደለም» ብንላቸው፣ «እኔን የሚያስፈራኝ ሳይመረምር የሚገዛው ነው፤ ነገ ተመልሶ የሚከስሰኝ እርሱ ነውና» አሉን። በእውነቱ ይህ ቃል ከልባችን የይሉኝታን ጭነት አወረደልን።

ምርመራውም እንዲህ ነበረ። አስቀድሞ ስፒናው ሳይሰካ የጀርባውን ጽሕፈት አነበቡ። በአሜሪካ አገር የሚሠራው ኃይል ከእኛው ግማሽ ያህል ስለ ሆነ፣ ለ115 ቮልት የተዘጋጀ መሣሪያ በእኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ይህኛው ግን ወደ 230 የተዛወረ ነበረ። ፊውዙን አወጡት፤ ሰነፍ ሠራተኛ በፊውዝ ፈንታ ሽቦ የሚያስር ስለ ሆነ ትክክለኛው ፊውዝ መሆኑን ለልጁ አሳዩት። የስፒናው የመሬት ሽቦ ከመሣሪያው ብረት አካል ጋር መገናኘቱንም በመልቲሜትር አስለኩት፤ ያ ሽቦ የተቈረጠ እንደ ሆነ በውስጥ ብልሽት ቢነሣ የነካው ሰው ይመታልና። ከዚያ አሸተቱት፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታው ከዓመት በኋላም አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ ተሰካ። ልጁ የቮልቱን ማዞሪያ ከዳር እስከ ዳር በዝግታ አዞረ፤ መርፌው ሳይዘልል እንደ እጁ ሄደ። 5 እና 12 እና 24 ላይ እያቆመ በራሱ መልቲሜትር አመሳከረ። ቀጥሎ 12 ቮልት ላይ አቁሞ የ10 ዋት አምፖል አሰረበት፤ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል 0.83 አምፔር ያህል ይሆናል፤ መርፌውም ይህንኑ አሳየ። አምፖሉ እንደ በራ ግማሽ ሰዓት ያህል ቈየ፤ ቮልቱም አልወረደም። ያለ ጭነት 12 ቮልት የሚያሳይ መሣሪያ ሞልቷል፤ ጭነት ተሸክሞ 12 ላይ የሚቆየው ነው ጤነኛው።

ከሁሉ ያስገረመን የወሰኑ ፈተና ነው። የ10 ዋቱ ተነሥቶ 21 ዋት የሆነው የፍሬቻ አምፖል ታሰረ። ይህ አምፖል 1.75 አምፔር ይሻል፤ መሣሪያው ግን ከ1.5 በላይ አይሰጥም። የአምፔሩ መርፌ 1.5 ላይ ቆመ፤ ቮልቱ ከ12 ወደ 9 ገደማ ወረደ፤ አምፖሉም ደብዘዝ ብሎ በራ። መሣሪያው አልጮኸም፤ አልጤሰም፤ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ በወሰኑ ላይ ጸና። በመጨረሻ ሽማግሌው ወሰኑን 0.5 ላይ ቈርጠው ቀይና ጥቁሩን ሽቦ እርስ በርሳቸው እንዲያነካካ ልጁን አዘዙት። ልጁ የተጠበሰ ጣቱን አስቦ እጁ ተንቀጠቀጠ። ባነካካቸውም ጊዜ ቮልቱ ወደ ባዶ ወረደ፤ አምፔሩም 0.5 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚህ በቀር ምንም አልሆነም። ከጥር ወር ወዲህ የልጃችንን ጥርስ ያየነው በዚያች ሰዓት ነው።

ሽማግሌው ጉድለቱንም አልሸሸጉም። የመርፌው መስተዋት ተሰንጥቋል፤ አንዱ ማዞሪያ ተለውጧል፤ በውስጡ ያለው ትልቅ ካፓሲተርም ያረጀ ስለ ሆነ ውሎ አድሮ መለወጥ ይፈልጋል። ደግሞም የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ንፋስ በማያገኝበት ስፍራ እንዳይቀመጥ አስጠነቀቁን። ለምሳሌ በውስጡ 50 ቮልት ኖሮ 5 ቮልት በ1.5 አምፔር ቢያወጣ፣ የቀረው 45 ቮልት በ1.5 ሲባዛ 67.5 ዋት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እኛ ክዳኑን ከፍተን ለማየት ብንሞክርም እጃችንን ያዙን፤ ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኃይል ይዞ ይቈያልና፣ ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ አይክፈት አሉን። ዋጋውን፣ ጉድለቱንና ቀኑን በወረቀት ጽፈን ሁለታችን ፈረምንበት፤ የዋጋውም ነገር የአንድ ወር ደመወዛችንን የሚያክል ነበረ።

ወደ ቤት በተመለስን በሳምንቱ ልጃችን የእማሆይን የተቃጠለ ሬዲዮ ፈታው። ከሌላ አሮጌ ሬዲዮ ያወጣውን የድምፅ ማጉያ ክፍል ለወጠለት፤ ወሰኑን በ0.2 አምፔር ቈርጦ 6 ቮልት ሰጠው። ሬዲዮው ጥቂት አጉረመረመና ተናገረ። ልጁ ራሱ ታቅፎ ወሰደላቸው። እማሆይም የለመዱትን ወስደው አዲሱን «ለመማሪያህ ይሁንህ» ብለው ሰጡት። ዛሬ ልጃችን አድጎ በዚሁ ሙያ የራሱን እንጀራ ይበላል።

እንግዲህ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች፣ ይልቁንም የመንግሥት ዕቃ ተረክባችሁ የምትፈርሙ ሹማምንት፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንድትወስዱ እንለምናለን። አንደኛ፣ ዕቃን በጭነት መፈተን ሰውን መስደብ አይደለም፤ በበሬ ገበያ ያላፈርነውን በኤሌክትሪክ ገበያ የምናፍርበት ምክንያት የለም። እውነተኛ ሻጭ አምፖሉን ራሱ ያቀብላል፤ የሚቈጣ ሻጭ ቢያጋጥም ግን ቍጣው ራሱ ስለ ዕቃው ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ልጅ በሚያውቀው ነገር ሲናገር በሰው ፊት ዝም አናሰኘው። እኛ ቡና እየጠጣን «ዝም በል» ያልነው ቃል ከዕቁቡ ገንዘብ ይልቅ ውድ ዋጋ አስከፍሎናል።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ልንገዛ በወጣን ቍጥር ከብዕራችን ጋር አንዲት የፍሬቻ አምፖል በኮታችን ኪስ እንይዛለን። የሚያዩን ሰዎች ይስቃሉ፤ እኛም አብረናቸው እንስቃለን፤ አምፖሏን ግን ከኪሳችን አናወጣም።